ኦክስጅን ያለቀበት ውሃ ናይትሮጂኑን ምን ያደርገዋል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ኦክስጅን በሌለበት የውቅያኖስ ክፍል የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የባሕሩን ናይትሮጂን ወደ ጋዝ ቀይረው ያጠፉታል ሲባል አነበብኩ። ግን አየሩ 78 በመቶ ናይትሮጂን ነው። ታዲያ ትንሽ ቢጠፋ ምን ይጎድላል? ደግሞስ የሚያጠፋው ማነው? አንዱ ዲናይትሪፊኬሽን ይላል፣ ሌላው አናሞክስ። ዓለም እየሞቀ ሲሄድስ ባሕሩ ናይትሮጂን አልቆበት ይራባል?»

በመጀመሪያው ልጀምር። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያው ላይ ነው።

ናይትሮጂን ሞልቷል ማለትዎ ልክ ነው። ባሕር ውስጥ ያለው ናይትሮጂንም አብዛኛው ልክ እንደ አየሩ ጋዝ ነው፤ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይገኛል። ችግሩ፣ ይህ ጋዝ ለአብዛኛው ፍጥረት አይበላም። ሁለቱ አቶሞች በሦስትዮሽ ትስስር ተቆላልፈዋል። ያንን ቁልፍ የሚከፍት ኢንዛይም ያላቸው ጥቂት ረቂቅ ተህዋስያን ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ብዙ ጉልበት ይከፍሉበታል። የተቀረው አልጌ የሚፈልገው የተከፈተውን ነው፤ ናይትሬትን፣ ናይትራይትን፣ አሞኒየምን። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ዓይነት ነው ነገሩ። በናይትሮጂን ጋዝ ውስጥ እየዋኘ ናይትሮጂን የራበው አልጌ በየውቅያኖሱ አለ።

ስለዚህ «ናይትሮጂን ጠፋ» ስንል ከዓለም ጠፋ ማለታችን አይደለም። ከሚበላው ወገን ወጥቶ ወደማይበላው ተመለሰ ማለታችን ነው።

የጠፋውን የምናውቀው በፎስፈረስ ነው። አልፍሬድ ሬድፊልድ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1934 አንድ ነገር አስተዋለ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያንብቡልኝ)። በፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ላይ በሚንሳፈፉ ረቂቅ ፍጥረታት፣ አካል ውስጥ ያለው የናይትሮጂንና የፎስፈረስ ምጥጥን፣ በጥልቅ ባሕር ውሃ ውስጥ ከሟሟው ምጥጥን ጋር ይቀራረባል። ዛሬ የምንጠቀምበት ቁጥር 16 ለ1 ነው። እንግዲህ አንድ ናሙና ወስደን ፎስፌቱ (የሟሟው ፎስፈረስ) በሊትር 2.5 ማይክሮሞል ሆነ እንበል። ናይትሬቱ ወደ 40 መጠጋት ነበረበት። ናይትራይቱንም ደምረን 25 ብቻ ካገኘን 15ቱ የት ገባ? ፎስፈረስ ጋዝ ሆኖ የመብረር ጠባይ የለውም። ለዚህ ነው ጥሩ ምስክር የሚሆነው። ናይትሮጂኑ ሲሾልክ እሱ ቁጭ ብሎ ይቀራል።

ቦታዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። አንዱ ከሜክሲኮ በስተምዕራብ ያለው ፓስፊክ ነው። ሁለተኛው ከፔሩና ከሰሜን ቺሊ ዳርቻ ያለው። ሦስተኛው የአረብ ባሕር። ኦክስጅን ያጣው ውሃ እንደየቦታው ቢለያይም፣ በደምሳሳው ከ100 ሜትር ጥልቀት አንስቶ እስከ 1000 ሜትር ድረስ ይገኛል። በፔሩና በቺሊ በኩል ነፋስ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻ ይገፋዋል፤ በምትኩ ከሥር ማዳበሪያ የተሸከመ ውሃ ይወጣል። አልጌው ይበዛል፣ ይሞታል፣ ይሰምጣል። ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ቦታው ደግሞ የውቅያኖስ ዝውውር ችላ ያለው ጥግ ነው፤ የተበላውን የሚተካ ትኩስ ውሃ ቶሎ አይደርስም። የአረብ ባሕር ጉዳይ ትንሽ ይለያል። በሰሜን በኩል የእስያ ምድር ዘግቶታል፤ እንደ ሌሎቹ ውቅያኖሶች ከሰሜን ዋልታ አቅጣጫ ቀዝቃዛና ኦክስጅን የጠገበ ውሃ የሚገባበት በር የለውም።

ኦክስጅን ጭራሹን ያለቀበት ውሃ ከውቅያኖስ ጠቅላላ ይዘት ቢበዛ 0.1 ወይም 0.2 በመቶ ነው። ከውቅያኖስ ከሚጠፋው የሚበላ ናይትሮጂን ግን ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው እዚያ እንደሚጠፋ ይገመታል። ቀሪው በአመዛኙ የባሕር ወለል ደለል ውስጥ ነው የሚጠፋው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ማነው የሚያጠፋው?

ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጂን እናጥፋ ብለው አልተነሱም። እየተነፈሱ ነው። መተንፈስ በሕዋስ ደረጃ ከምግብ ኤሌክትሮን አውጥቶ ለሌላ ማቀበል ማለት ነው። እኛ ለኦክስጅን እናቀብላለን። ኦክስጅን ሲያልቅ ባክቴሪያው ሌላ ተቀባይ ይፈልጋል። ካሉት አማራጮች ደህናው ናይትሬት ነው፤ የሚያስገኘው ጉልበት ከኦክስጅን ብዙም አያንስም። ናይትሬት ኤሌክትሮን እየተቀበለ ናይትራይት ይሆናል። ከዚያ ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ከዚያ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ በመጨረሻ ናይትሮጂን ጋዝ። ዲናይትሪፊኬሽን የሚባለው ይኸው ነው።

ሥዕሉን መጽሐፍ ላይ ሲያዩት አንድ ባክቴሪያ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ደረጃ የሚወርድ ይመስላል። ባሕር ውስጥ ግን በአብዛኛው ቅብብሎሽ ነው። ዘረመላቸውን ስናነብ ብዙዎቹ ለአንድ ወይም ለሁለት ደረጃ ብቻ የሚሆን ኢንዛይም ነው ያላቸው። በተለይ ናይትሬትን ናይትራይት አድርገው እዚያው የሚያቆሙት በርካታ ናቸው። ስለዚህ ናይትራይት ይከማቻል። መለኪያውን ወደ ታች ስናወርድ፣ ኦክስጅኑ ዜሮ ከገባ በኋላ የናይትራይቱ መስመር ድንገት ጉብ ይላል። ላይኛው ባሕር ላይ ከምናየው ብዙ እጥፍ ነው። ያንን ጉብታ እንደ ጋራ ጎተራ ይዩት። አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ያወጣል። አንዳንዱም ወደ ናይትሬት መልሶ ይወስደዋል።

የመጨረሻዋ ደረጃ ደግሞ ዓመል አለባት። ናይትረስ ኦክሳይድን ወደ ናይትሮጂን ጋዝ የሚቀይረው ኢንዛይም ያለ መዳብ አይሠራም፤ ኦክስጅንም አይወድም። ትንሽ ኦክስጅን ሽው ካለ ከሁሉም ቀድሞ የሚቆመው እሱ ነው። ያኔ ቅብብሎሹ ናይትረስ ኦክሳይድ ላይ ይቋረጣል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አናሞክስ፣ ማለትም ኦክስጅን በሌለበት አሞኒየምን በናይትራይት ወደሚያቃጥለው ሥራ። ይህን ታሪክ ሳወራ አይሰለቸኝም።

ነገሩ የጀመረው በሒሳብ መዛባት ነው። የሞተ ፕላንክተን ሲበሰብስ አሞኒየም ይወጣዋል። ኦክስጅን ከሌለ አሞኒየሙን የሚያቃጥለው የለም፤ ስለዚህ መከማቸት አለበት ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1960ዎቹ ፍራንሲስ ሪቻርድስ ኦክስጅን ያጡ ፊዮርዶችን (በገደል መሐል ወደ የብስ የገቡ ጠባብ የባሕር ክንዶችን) ሲመረምር ግን የሚጠበቀው አሞኒየም የለም። በ1977 ደግሞ ኤንግልበርት ብሮዳ የተባለ ኦስትሪያዊ ኬሚስት ወረቀት ላይ ጉልበት አስልቶ አንድ ደፋር ነገር ተናገረ። አሞኒየምን በናይትራይት የሚያቃጥል ባክቴሪያ በተፈጥሮ ውስጥ ሊኖር ይገባል፤ ያላገኘነው እኛ ነን አለ። ሰሚ ግን ብዙም አላገኘም።

ፍጥረቱ በመጨረሻ የተገኘው ባሕር ላይ አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዴልፍት ላይ፣ የአንድ እርሾ ፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ነው! ኦክስጅን በሌለበት ገንዳ አሞኒየሙ እየቀነሰ፣ በአንጻሩ ናይትሮጂን ጋዝ እየወጣ አስቸገራቸው። ውጤቱ በ1995 ታተመ። በ1999 የባክቴሪያው ማንነት ታወቀ፤ ፕላንክቶማይሲት ከሚባለው ወገን ነው። በ2003 ከጥቁር ባሕርና ከኮስታሪካው ጎልፎ ዱልሴ ውሃ ውስጥ መኖሩ ታየ። ባሕር ውስጥ የሚኖረው ወገን ስካሊንዱዋ ይባላል።

አሠራሩ አጭር ነው። አንድ አሞኒየምና አንድ ናይትራይት ይገባሉ፤ አንድ ናይትሮጂን ጋዝና ውሃ ይወጣል። መሐል ላይ ግን ሃይድራዚን ይፈጠራል። አዎ፣ ለሮኬት ነዳጅነት የሚያገለግለው መርዛማ ሃይድራዚን። ባክቴሪያው ይህን ሥራ የሚሠራው በሆዱ ውስጥ ባለች ለብቻ በታጠረች ክፍል ነው። የክፍሏ ሽፋን የተሠራበት ስብ ሌላ ፍጥረት ላይ ያልተገኘ ነው፤ የካርቦን ቀለበቶቹ እንደ መሰላል ርብራብ ተደርድረዋል። መጀመሪያ ላይ ሽፋኑ ሃይድራዚን እንዳይሾልክ የሚያግድ ነው እንል ነበር። በኋላ ስቡ በላቦራቶሪ ተሠርቶ ሲፈተን ሃይድራዚኑ ያልፋል፤ የሚዘገየው ፕሮቶን ነው። ስለዚህ ሥራው ጉልበት ማጠራቀም ሳይሆን አይቀርም። እኔም ለተማሪዎች ለዓመታት የቀድሞውን ስነግር ኖሬያለሁ፤ ይቅር በሉኝ።

ሌላው ጠባዩ ዘገምተኛነቱ ነው። ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ በተመቻቸ ሁኔታ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። የአናሞክስ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ እጥፍ ለመሆን ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይፈጅበታል። እሱን ማሳደግ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሁለቱን እንዴት እንለያለን? ሁለቱም መጨረሻ ላይ የሚለቁት ያው ናይትሮጂን ጋዝ ነው። እዚህ ላይ ከባድ ናይትሮጂን ያግዘናል። ተራው ናይትሮጂን ክብደቱ 14 ነው። 15 የሚመዝነው በተፈጥሮ 0.4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከጥልቀት የመጣ ውሃ 12 ሚሊ ሊትር በምትይዝ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ እናደርጋለን፤ ከዚያ 15 የሚመዝን ናይትሮጂን ያለው አሞኒየም እንጨምርበታለን። አናሞክስ ካለ አንዱን አቶም ከአሞኒየሙ፣ ሌላውን ከውሃው ናይትራይት ይወስዳል። 15 ሲደመር 14፣ 29። በሌላ ብልቃጥ ደግሞ ከባዱን በናይትራይቱ በኩል እናስገባለን። ዲናይትሪፊኬሽን ሁለቱንም አቶም ከዚያው ጎተራ ስለሚያወጣ 30 የሚመዝን ጋዝ ይሰጣል። አናሞክስ አሁንም 29። ጋዙን በክብደት በሚለየው መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትሩ፣ ላይ ሁለቱ መስመሮች ተለይተው ይወጣሉ። በጣም ቆንጆ ዘዴ ነው።

ቆንጆ የሚሆነው ታዲያ ኦክስጅን ካልገባ ነው። አንዴ መርከብ ላይ እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩበትን የናሙና ተከታታይ በሙሉ ጥያለሁ። ምክንያቱ አረፋ ነበር። ሒሳቡን ይመልከቱት። አንድ ማይክሮ ሊትር አየር፣ ማለትም በዓይን እምብዛም የማትታይ አረፋ፣ ያችን ብልቃጥ በሊትር ወደ 700 ናኖሞል ኦክስጅን ታስገባባታለች። በ2009 ኒልስ ፒተር ሬቭስቤክና ባልደረቦቹ በሠሩት ረቂቅ መለኪያ ከፔሩ ዳርቻ የተለካው ውሃ ግን 2 ናኖሞል እንኳ አልተገኘበትም። ከ1888 ጀምሮ ኦክስጅን ለመለካት የምንጠቀምበት የዊንክለር ዘዴ ከ1000 ናኖሞል በታች ያለውን በወጉ አይለይም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ «ዜሮ ነው» ያልነውና «ትንሽ አለ» ያልነው ውሃ ተቀላቅሎብን ኖሯል። የብልቃጡ የጎማ ክዳን እንኳ ኦክስጅን መጥጦ ይይዛል፤ ቀስ እያለ ይለቃል። ክዳኖቹን ቀደም ብለን በሂሊየም የምናጥባቸው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ማን ያሸንፋል? ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በናሚቢያ፣ በፔሩና በቺሊ ዳርቻ የተደረጉ ልኬቶች አናሞክስን አነገሡት። ዲናይትሪፊኬሽን እዚህ ግባ የማይባል መሰለ። በ2009 ደግሞ ከአረብ ባሕር የተገኘው ውጤት የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ዲናይትሪፊኬሽን አመዘነ። በመሐል የነበረው ክርክር የጋለ ነበር።

እኔ እንደ ውድድር ማየቱን አልወደውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አናሞክስ አሞኒየም ከየት ያመጣል? ከሚበሰብስ ነገር። ኦክስጅን በሌለበት ማን ያበሰብሰዋል? በዋናነት ናይትሬት የሚተነፍሱት። የተለመደ የፕላንክተን ብስባሽ በዲናይትሪፊኬሽን ቢቃጠልና የወጣው አሞኒየም በሙሉ ለአናሞክስ ቢደርስ፣ ከሚወጣው ናይትሮጂን ጋዝ የአናሞክስ ድርሻ 29 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቀሪው 71 በመቶ የዲናይትሪፊኬሽን ነው። አንድ ቦታ ላይ አናሞክስ ብቻውን ከታየ፣ አሞኒየሙን ሌላ ሰው እየመገበው ነው ማለት ነው። ወይ ናይትሬትን ናይትራይት ላይ የሚያቆሙት ናቸው፣ ወይ ከላይ የሚመጡ እንግዶች። ብዙ ትናንሽ እንስሳት ሌሊት ላይ ወጥተው ይመገባሉ፤ ቀን ከአዳኝ ለመሸሸግ ኦክስጅን ወዳጣው ጨለማ ይወርዳሉ፤ እዚያ አሞኒየም ይሸናሉ። ለአናሞክስ የሚሆን ጥሩ ቀለብ ነው።

ደግሞ ጊዜም አለ። ዲናይትሪፊኬሽን ምግብ ሲዘንብ ይነሳል፣ ምግብ ሲያልቅ ይተኛል። አናሞክስ ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ይሠራል። አልጌ ባበበ ማግስት ናሙና የወሰደና ከወር በኋላ የወሰደ ሰው የተለያየ መልስ ይዘው ቢመጡ አይገርመኝም። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሌላ ጉድ ልጨምር። ናይትሮሶፑሚለስ ማሪቲመስ የሚባል አርኪያ አለ፤ አርኪያ ባክቴሪያ የሚመስሉ፣ ግን ከባክቴሪያ የተለዩ ረቂቅ ተህዋስያን ናቸው። በ2005 ከሲያትል የዓሣ ማሳያ ገንዳ ውስጥ ነው ለብቻው ወጥቶ የታወቀው። ሥራው አሞኒየምን በኦክስጅን ማቃጠል ነው። ታዲያ የእሱ ዘመዶች ኦክስጅን ባለቀበት ውሃ ውስጥ ምን ያደርጋሉ እየተባለ ሲጠየቅ ኖሯል። በ2022 የታተመ የላቦራቶሪ ሙከራ ኦክስጅን ሲያልቅበት ራሱ በጨለማ ትንሽ ኦክስጅን እንደሚሠራ፣ እግረ መንገዱንም ናይትሮጂን ጋዝ እንደሚለቅ አሳየ። ብርሃን የለ፣ ፎቶሲንተሲስ የለ። ያን ጽሑፍ ሳነብ ገጹን ሁለቴ ወደ ኋላ መልሼ አይቻለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ፤ ባሕሩ ይራባል ወይ?

ውቅያኖስ ኦክስጅን እያጣ መሆኑ ተለክቷል። ከ1960 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከጠቅላላ ይዘቱ 2 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሞቃት ውሃ ጋዝ የመያዝ አቅሙ ያንሳል። ላዩ ሲሞቅ ደግሞ ይቀልልና ከታችኛው ጋር መቀላቀል ያቅተዋል። ይህ ናይትሮጂን የሚጠፋበትን ቦታ ሊያሰፋ ይችላል።

ግን ባሕሩ መልስ የሚሰጥበት መንገድ አለው። ናይትሮጂኑ የጎደለው፣ ፎስፈረሱ የተረፈው ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ የጋዙን ቁልፍ መክፈት ለሚችሉት ተህዋስያን ሠርግ ነው። ሌላው አልጌ በናይትሮጂን ሲታሰር እነሱ ፎስፈረሱን ይወስዳሉ። ትራይኮዴስሚየም በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። በ2024 ደግሞ አንድ የባሕር አልጌ በሕዋሱ ውስጥ ናይትሮጂን የሚከፍት የራሱ ብልት እንዳለው ታወቀ፤ ድሮ ባክቴሪያ የነበረ፣ አሁን የሰውነቱ አካል የሆነ። ይህ መልስ ብረት ይጠይቃል፤ ብረት በሌለበት ባሕር ይዘገያል። በተጨማሪም የሚበላ ናይትሮጂን በውቅያኖስ ውስጥ በአማካይ ጥቂት ሺህ ዓመታት ይቆያል። ጎተራው ትልቅ ነው። በአንድ ትውልድ ባዶ አይሆንም።

የድሮው መዝገብም አለን። ዲናይትሪፊኬሽን ክብደቱ ቀለል ያለውን፣ 14 የሚመዝነውን፣ ናይትሮጂን መርጦ ስለሚወስድ የተረፈው ናይትሬት ይከብዳል። አልጌው ያንን ይበላል፣ ይሞታል፣ ወለል ላይ ይቀበራል። የአረብ ባሕር ደለል ሲመረመር በበረዶ ዘመን ናይትሮጂኑ ቀለል ያለ ነው፤ በሞቃቱ ዘመን ከበድ ያለ። ማለትም ሲቀዘቅዝ ጥፋቱ ደከም፣ ሲሞቅ በርታ ይል ነበር። ባሕሩ እንዲህ እየተወዛወዘም በሕይወት ቆይቷል።

ስለዚህ እኔን ከረሃቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኩት ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። በ100 ዓመት ሲሰላ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ገደማ የበለጠ ያሞቃል፤ አየር ላይም ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል፤ የኦዞንን ሽፋንም ይጎዳል። ኦክስጅን ጭራሹን በሌለበት መሐል ላይ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ጠርዙ ላይ፣ ኦክስጅን ትንሽ ሽው በሚልበት፣ ይፈጠራል እንጂ አይበላም። ጠርዙ 200 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲሆን ጋዙ ወደ ባሕሩ ፊት እስኪደርስ ብዙ ጊዜ አለው። ከፔሩ ዳርቻ ግን ውሃው ከሥር ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ ጠርዙ ከባሕሩ ፊት በጥቂት አሥር ሜትሮች ነው የሚርቀው። ነፋስ ሲነሳ ያ ውሃ በቀጥታ ይወጣል፣ ጋዙም አብሮት።